ፊቷ የማይታይበት ቪዲዮ

የራሷን ድምፅ የሰማችው ከኋላ ወንበር ነው። አፏን ዘግታ የሒሳብ ደብተሯን እየገለጠች ሳለ፣ የገዛ ድምፅዋ ከጀርባዋ ማውራት ጀመረ።

«የተከበራችሁ ተመልካቾቻችን፣ ጨዋታው ተቋርጧል! ዳኛዋ ነጭ ጓንት አጥልቃ ወደ ሜዳ እየገባች ነው። ቅያሪ አለ! አሮጌው ተጫዋች በጣም ደክሟል፣ ቀኑን ሙሉ ተሰልፎ ነው የዋለው፤ ሽታውም ደጋፊዎችን እያስቸገረ ነው...»

ከስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት ስትስቅ ተሰማ። ያን ሳቅ ልጅቷ በደንብ ታውቀዋለች።

የእረፍት ሰዓት ነበር። ከኋላ ወንበር አምስት ስድስት ልጆች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተዋል። ስልኩን የያዘው በቁመቱ ምክንያት «ምሶሶ» የሚሉት ልጅ ቀና ብሎ አያት።

«ኮሜንታተር፣ ይሄ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ክፉ አስቦ አልጠየቃትም፤ የእውነት ገርሞት ነው። በዚያ ትምህርት ቤት ያን ድምፅ የማያውቅ የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሴቶቹ ኳስ ሲጫወቱ የእጅ ድምፅ ማጉያውን ይዛ ጨዋታውን የምታስተላልፈው እሷ ናት፤ የግቢው ጥበቃ ሳይቀር «ዛሬ ኮሜንታተሯ ቀረች?» ብሎ ይጠይቃል። ቪዲዮው ላይ ፊት የለም፣ ስምም የለም። የሚታየው የተገለጠ ሆድ፣ ጓንት ያጠለቁ እጆችና አንድ የላስቲክ ከረጢት ነው። ድምፁ ግን ከላይ እየፈሰሰ ነው፤ ድምፁ ደግሞ እሷ ናት።

«ትርፍ አንጀት ነው አላልሽንም?» አለች አንዷ።

«አሁንም አለ?» አለች ሌላዋ፤ የሁሉም ዓይን ወደ ሹራቧ ወረደ። ልጅቷ ሳታስበው ሹራቧን ወደ ታች ጎተተችው። በቃ፣ መልሱን አገኙት።

የወንበር ጓደኛዋ ቀጮ ተነሥታ ስልኩን ከምሶሶ እጅ መነጨቀችው። «አቦ ዝጋው! ሼም አይሰማህም?» አለችው። ተመልሳ ስትቀመጥ ግን ድምፅዋ ቀዝቅዞ ነበር። «ለኔ እንኳ አልነገርሽኝም» አለቻት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ቪዲዮው ከተለጠፈ ስድስት ሳምንት አልፎታል፤ ሰማንያ ሺህ ሰው አይቶታል። የድምፁ ባለቤት ግን የምትይዘው ከመደወል በቀር ሌላ ጥበብ የማያውቅ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ማን ይንገራት?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ወር በፊት አንጀቷ ታጥፎ በአምቡላንስ ሆስፒታል ገባች። ሐኪሞቹ የተበላሸውን ክፍል ቆርጠው አወጡና፣ የቀረው እስኪያገግም ድረስ የአንጀቷን ጫፍ በሆዷ በኩል አውጥተው ከረጢት ለጠፉበት። «አትጨነቂ፣ ጊዜያዊ ነው፤ ይዘጋል» አሏት። ጊዜያዊ! አሥራ አራት ዓመት የሞላት ልጅ ሰገራዋን ሆዷ ላይ አንጠልጥላ ስትዞር፣ ወር ቢሆን ሳምንት ቢሆን ምን ሊጠቅማት? ለሷ አንድ ቀንም ብዙ ነው።

ሆዷን አላይም አለች። ማንም እንዲያይባትም አልፈለገችም። እናቷ ልትረዳት ስትቀርብ አንሶላዋን ጨብጣ ወደ ግድግዳው ዞረች። እናት ልብስ ሰፊ ናት፤ ብዙ አትናገርም። «እሺ የኔ ልጅ» ብላ ወጣችና፣ በማግስቱ ላስቲኩ ቆዳዋን እንዳይልጠው ከቁርጥራጭ ጨርቅ፣ አረንጓዴ መስመር ካለው፣ ትንንሽ ልባስ ሰፍታ አመጣች። የተፈቀደላት ያን ያህል ነበር፤ ያን ያህሉን አደረገች።

ከዚያ ሲስተር መጣች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ነጭ ጫማ አድርጋ ዋርዱ ውስጥ እንደ ቤቷ የምትሮጥ ነርስ።

«እባክዎ ዛሬ ይቅርብኝ» አለቻት ልጅቷ በመጀመሪያው ቀን።

«እባክዎ? ኧረ ጉድ! በአንድ ቃል አሮጊት አደረግሽኝ እኮ። አንቺ በይኝ፣ አለዚያ ከረጢቱን ግንባርሽ ላይ ነው የምለጥፈው።»

ልጅቷ ሳቀች። ከታመመች በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ማየት ካልፈለግሽ አትዪ» አለች ሲስተር ጓንቷን እያጠለቀች። «ዓይንሽን ጨፍኚ። እኔ እያንዳንዷን የምሠራትን እነግርሻለሁ፤ አንቺ ደግሞ ታስተላልፊያለሽ። ኳስ ታስተላልፋለች ብላ እናትሽ ነግራኛለች። በይ፣ ተመልካች እየጠበቀ ነው።»

እንዲህ ተጀመረ። ማጠቡ «ሜዳው ውሃ እየጠጣ ነው» ሆነ፣ ማድረቁ «ዝናቡ ቆሟል»፣ አዲሱን መለጠፉ «ቅያሪ»። ከሆስፒታል ከወጣች በኋላም ሰኞና ሐሙስ ከትምህርት ቤት ወደዚያው ትሄዳለች። ከረጢቱን ከታች ከፍቶ ማፍሰሱን እንደምንም፣ ፊቷን አዙራ ለምዳዋለች፤ መንቀሉንና መለጠፉን ግን ከሲስተር በቀር ማንም አይነካባትም።

አንድ ሐሙስ ሲስተር ስልኳን አወጣች። «ልቅረጽሽ? ድነሽ የመጣሽ ቀን ቁጭ ብለን እንሰማውና እንስቃለን።»

«ፊቴ እንዳይታይ!»

«ፊትሽን ምን ላድርገው? የምፈልገው ድምፅሽን ነው።»

«እሺ» አለች ልጅቷ። የተጠየቀችው ይህ ነው፣ የመለሰችውም ይህ ነው፤ ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አልነበረም።

ቪዲዮውን የሰማችበት ዕለት ሰኞ፣ የቅያሪ ቀን ነበር፤ እሷ ግን ሆስፒታል አልሄደችም። ቤት ገብታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የስፌት መኪናው ቆመ።

«ምነው? ዛሬ ሰኞ አይደል እንዴ?» አለች እናቷ።

ነገረቻት። እናት የራሷን ስልክ አንሥታ ቪዲዮው የተለጠፈበትን የሲስተርን ገጽ ፈለገች፤ «ነጭ ጫማ» ይባላል። ሲስተር በጋውኗ ስትጨፍር፣ እጅ አስተጣጠብ ስታስተምር፣ ከዚያ ደግሞ ያ ሆድ። ቪዲዮውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየችው። ከዚያ ጣቷን በአረንጓዴው መስመር ላይ አሳረፈች።

«ይሄ የኔ ስፌት ነው።»

ልጅቷ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ሰማንያ ሺህ ሰው አይቶታል» አለች እናት በዝግታ። «እኔ ወልጄሽ አላየሁትም።»

ብትጮህ ይሻል ነበር። ጩኸቱ የመጣው ዘግይቶ፣ በሲስተር ላይ ነው። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ! እኔ እኮ ጠዋት ማታ እመርቃት ነበር! ‹እጇ ይባረክ› እላት ነበር እኮ!» እያለች ጓዳና ሳሎን ተመላለሰች። በማግስቱ ሥራዋን ትታ ሆስፒታል ሄደች፤ የነርሶቹ አለቃ ሜትሮን ቢሮ ሳይጠሯት ገባች።

ቪዲዮው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከገጹ ወረደ። ምን ዋጋ አለው፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስ። ምሶሶ ስልክ ላይ አለ፣ የምሶሶ አክስት ልጅ ስልክ ላይ አለ። ልጅቷ በኮሪደር ስታልፍ አንዱ «ቅያሪ!» ይላል፣ ሌላው እንደ ዳኛ ያፏጫል። ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንዱ ከረጢት ሥሎ አሥር ቁጥር ማሊያ አለበሰው። ማክሰኞ የድምፅ ማጉያውን ወስዳ ለስፖርት አስተማሪው አስረከበችው። «ቅዳሜስ ማን ሊያስተላልፍልን ነው?» ሲላት ሳትመልስለት ወጣች።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትወጣ፣ ሲስተር የአውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ካለው ግንብ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ያለ ጋውን አነስ ያለች፣ ልጅ ነገር ትመስላለች። ነጩን ጫማ ግን አድርጋለች።

«ኮሜንታተሬ» አለች ብድግ ብላ።

ልጅቷ ቆመች እንጂ አልቀረበችም።

«ሰኞ ቀረሽብኝ። ከረጢቱ ሳይቀየር ሳምንት ሊሆነው ነው፤ ጠርዙ አልለቀቀም?»

ለቋል። ልጅቷ ግን አልነገረቻትም።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ክፉ አስቤ አይደለም። ፊትሽን አላስገባሁም። ስምሽን አላነሣሁም፣ የሆስፒታሉንም አላነሣሁም። ድምፅሽ ያጋልጥሻል ብዬ አላሰብኩም።»

«ከድምፄ ሌላ ምን ነበረው?»

ሲስተር ከንፈሯን ነከሰች። «አንዲት እናት ጻፈችልኝ። ልጇ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ እንዳንቺ ከረጢት አለው። አላስነካም፣ አላይም ብሎ አስቸግሯት ነበር። ያንቺን ከሰማ በኋላ ራሱ ማስተላለፍ ጀመረ። በአንቺ የተነሣ እኮ ነው።»

አልነካትም ማለት ውሸት ይሆናል፤ ነክቷታል። የዚያን ልጅ ድምፅ ለመስማት ሁሉ አማራት። ግን ይሄኛው ነገር ይበልጥ አናደዳት፤ ያን ሁሉ መልካም ነገር ከሷ ወስደው ሲሠሩበት፣ ለሷ አንድ ሰው እንኳ አልነገራትም።

«መቼ ነው የለጠፍሽው?»

«እሱን ተይው አሁን...»

«መቼ ነው?»

«የቀረጽኩሽ ዕለት» አለች ሲስተር መሬት መሬት እያየች።

ልጅቷ ቆጠረች። ስድስት ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ቀን። የቀረችውን ሰኞ ብትቀንስ እንኳ ከአሥር ጊዜ በላይ ሸሚዟን ገልጣ በእነዚያ እጆች ፊት ተኝታለች። አንድ ቀን ደስ ብሏት የነገረቻትም ትዝ አላት። ትዝ ሲላት ፊቷ በእሳት የተለበለበ ያህል ጋለ።

«‹ትምህርት ቤት ማንም አላወቀብኝም› ስልሽ ‹ጎበዝ፣ ሆድ ይፍጀው› አልሽኝ» አለች። «ስንት ሰው አይቶት ነበር ያኔ?»

ሲስተር ቦርሳዋን አቅፋ በተሰበረ ድምፅ የመጣችበትን ተናገረች።

«ነገ የሆስፒታሉ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይጠይቅሻል። ‹እንዲለጠፍ ፈቅጄ ነበር› በይልኝ። አንድ ቃል ናት። ፈቅደሽ ከሆነ ማስጠንቀቂያ ጽፈው ከዋርዱ ያነሡኛል፤ ካልፈቀድሽ ግን የሙያ ፈቃዴን ያግዱታል። አራት ዓመት የተማርኩት ይሄንኑ ነው፤ ሌላ ነገር አልችልም እኮ። ደግሞም መቅረጹን ፈቅደሻል፤ ግማሹ እውነት ነው።»

አውቶቡሱ ከማዞሪያው ብቅ አለ። ልጅቷ የቦርሳዋን ማንገቻ አስተካከለች።

«መኪና መጣልኝ» አለች። «ደህና ይዋሉ፣ ሲስተር።»

ያቺ «ይዋሉ» ሲስተርን በጥፊ የመቷት ያህል ነበረች። ልጅቷ አውቃ ነው ያለቻት። ከተቀመጠች በኋላ ግን እስከ ቤቷ ድረስ አለቀሰች።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት። የኮሚቴው ክፍል ጠባብ ነው፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ የውሃ ማንቆርቆሪያና የማይሠራ የግድግዳ ሰዓት አለ። ሜትሮኗ መሐል ተቀምጣለች፣ በቀኟ አንድ መነጽራም ሐኪም፣ በግራዋ ቃለ ጉባኤ የምትይዝ ሴት። ሲስተር ብቻዋን ከጥግ ናት። ጋውን ለብሳለች፤ ባጁ ግን ከደረቷ ላይ የለም፤ የመርፌው ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል።

«ልጄ፣ እዚህ ማንም አይቆጣሽም» አለች ሜትሮኗ። «አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። ፊት ተሸፈነ አልተሸፈነ፣ ታካሚን ያለ ጽሑፍ ፈቃድ መለጠፍ በኛ ሥራ ክልክል ነው። አንቺ ደግሞ ልጅ ስለሆንሽ እናትሽም መፈረም ነበረባት። ስለዚህ ጥፋት መኖሩን አንጠይቅሽም። የምንጠይቅሽ ለቅጣቱ ነው፤ ቪዲዮውን ፈቅደሽ ነበር ወይ?»

እናቷ በጠረጴዛው ሥር እጇን ያዘቻት። የስፌት መርፌ ያደነደነው ጣት ነው።

«መቅረጹን ፈቅጃለሁ» አለች ልጅቷ።

እናቷ ዞር ብላ አየቻት። ሲስተር ቀና አለች።

«መለጠፉን ግን አልፈቀድኩም። አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ እምቢ እላት ነበር።» ወደ ጸሐፊዋ ዞረች። «ይሄንንም ይጻፉልኝ። ከታመምኩ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳቀችኝ እሷ ናት። እሱም እውነት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን የለጠፈው እንዲህ አይከፋኝም ነበር።»

ጸሐፊዋ ሜትሮኗን አየቻት። «ጻፊው» አለች ሜትሮኗ። ከዚያ ብዕሯን አስቀምጣ ወደ ልጅቷ ተጠጋች። «አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ከዛሬ በፊት ‹እንዲህ በይ› ብሎ ያናገረሽ ሰው አለ?»

ልጅቷ ወለሉን አየች። ወለሉ ላይ ነጩ ጫማ ይታያል፤ የአንዱ ማሠሪያ ተፈቷል። አለ ብትል ሲስተር አበቃላት። የለም ብትል ደግሞ የሷም አፍ ዋሸ፤ ሁለቱ እኩል ሆኑ ማለት ነው። አፏን ከፈተች።

«እኔ ነኝ» አለች ሲስተር ከጥግ። «ትናንት መንገድ ላይ ጠብቄ አናገርኳት። ‹ፈቅጃለሁ በይ› አልኳት። ልጅቷን አታስጨንቋት።»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። ጸሐፊዋ ሳትታዘዝ ጻፈች። የልጅቷ አፍ ተከፍቶ ቀረ፤ ምን ልትል እንደነበር እሷም ቆይታ እንኳ አላወቀችውም።

ኮሪደር ላይ ጠበቁ። ውሳኔው ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጣ፤ ስድስት ወር ከሥራ እገዳ፣ ለፈቃድ ሰጪው ክፍል ደብዳቤ፣ ከዚያ በኋላም ወደ ልጆች ዋርድ አትመለስም። የልጅቷ እናት ሰኞ ዕለት «ዕድሜ ልኳን ጋውን አትልበስ!» ስትል ነበር፤ አሁን ግን አንድም ቃል አልወጣትም። ሲስተር በፊታቸው አለፈች። እጇን ልታነሣ ፈልጋ መልሳ አወረደችው። ልጅቷ ነጩ ጫማ ከደረጃው ሥር እስኪሰወር ድረስ አየችው። ይቅር አላለቻትም። ግን ትናፍቀኛለች ብላ አሰበች፤ ይሄም አናደዳት።

«ሌላ ነርስ መድቤልሻለሁ» አለች ሜትሮኗ ወጥታ። «ጎበዝ ናት። ነይ፣ አሁኑኑ ትቀይርልሽ።»

«ዕቃውን ስጡኝ» አለች ልጅቷ። «ቤት ራሴ እቀይረዋለሁ።»

«አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ግን ሃያ ጊዜ አስተላልፌዋለሁ። ቅደም ተከተሉን በቃሌ ነው የማውቀው።»

ሜትሮኗ አንዴ እሷን፣ አንዴ እናቷን አየች። በመጨረሻ ሁለት ከረጢት፣ ጓንትና ፋሻ በወረቀት ቦርሳ አድርጋ ሰጠቻት። «ቆዳው ከቀላ ወይ ካልተጣበቀልሽ ዛሬውኑ ተመለሺ» አለቻት።

ቤት ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ብርሃን ሞልቶታል። ልጅቷ በሩን ዘጋች። ዕቃዎቹን በተራ ደረደረቻቸው፤ ለብ ያለ ውሃ፣ ፋሻ፣ መቀስ፣ አዲሱ ከረጢት። እጇን ሁለቴ ታጠበች። ሁሉም ተዘጋጅቷል፤ የቀረው ሸሚዙን መግለጥ ነው። እሱ ላይ እጇ አልታዘዝ አላት።

ከውጭ የስፌት መኪናው አይሰማም። እናቷ በሩ ሥር ቆማለች፤ ጥላዋ ከበሩ ሥር ይታያል።

«የኔ ልጅ፣ ልርዳሽ?» አለች። እምቢታውን ስለለመደችው፣ ጥላው ከመልሱ በፊት ዞር ማለት ጀምሯል።

ልጅቷ እጀታውን ጨብጣ በሩን ከፈተችው።

«እማዬ፣ ስልክሽ የት ነው?»

«የስፌት መኪናው ላይ ነው። ምነው?»

«እዚያው ይሁን። ግቢ።»

እናት ገባች። የት እንደምትቆም፣ የት እንደምታይ ግራ ገብቷት ግድግዳውን ተደገፈች። ልጅቷ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። ሸሚዟን እስከ ደረቷ ገለጠችና በጥርሷ ልትይዘው አሰበች፤ ያኔ ግን አፏ ይዘጋል። ጫፉን ለእናቷ አቀበለቻት፤ እናት በሁለት እጇ ያዘችው። ልጅቷ ዓይኗን አልጨፈነችም። ጎንበስ ብላ ሆዷን አየችው። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«የተከበርሽ ተመልካቻችን» አለች ቀስ ብላ፣ «ቅያሪ አለ።»